መጽሐፍ አንብበው ድንጋይ የተሸከሙት መምህር

ጋሽ ጥላዬ ማረፋቸውን የሰማሁት በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ለምሳ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ለገና ሐረር ሄዳ የተመለሰች የአገሬ ልጅ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችና፣ «መምህር ጥላዬ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። ሣህኔን እንደያዝኩ ከሰልፉ ወጣሁ። አብራኝ የምታድረው ልጅ ተከትላኝ መጣችና፣ «ማን ናቸው? ዘመድሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደሉም። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ፤ አብረን ሠርተናል። አንድ ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን የጀመርኩትን ለመጨረስ ነው። ካየሁትና ከራሳቸው አፍ ከሰማሁት ውጪ እንዳልጨምር እጠነቀቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ሐረር ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። የእኔን ክፍልና የጋሽ ጥላዬን ክፍል የሚለየው ስስ ሳንቃ ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ የእኔ ተማሪዎች የሚማሩት ከእሳቸው ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። የኮታቸው ኪሶች በመጽሐፍ ተወጥረው ግራና ቀኝ ስለሚንጠለጠሉ፣ ጠዋት በበሩ ሲገቡ መምህራኑ «ጋሽ ጥላዬ ጭነታቸውን ይዘው መጡ» ይሉ ነበር።

ጭነቱ ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው። ሰውዬው የአንድ ሩቅ አፍሪካዊ አገር መሪ ሲሆን፣ ቅኝ ገዢዎች ለረጅም ጊዜ አስረውት ኖረዋል። ከወህኒ ወጥቶ አገሩ በእጁ ስትገባ ያሰሩትን ማሰር ይችል ነበር። እሱ ግን አብረን እንኑር ብሎ፣ ሊተላለቅ የተዘጋጀውን ሕዝብ ያለ ደም አስታረቀ። ጋሽ ጥላዬ ስሙን አይጠሩም። ወንድማቸው ይመስል «ሰውዬው» ነው የሚሉት። ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱን የጻፈው ወዳጁ ነው፤ ሁለተኛውን የውጭ አገር ጋዜጠኛ ጽፎታል፤ ሦስተኛው የተቃዋሚው ነው። ጋሽ ጥላዬ አብልጠው የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን ነበር። «ወዳጅ ሲያመሰግን ማን ያምናል? ጠላት ጥርሱን ነክሶ ያመሰገነውን ስጠኝ!» ይሉ ነበር።

ሁሉንም ነገር ከሰውዬው ጋር ያገናኙታል። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ሰውዬው የሒሳብ ፈተና በስንት ቀን ታርሞ እንደሚመለስ ጽፏል?» ቢሏቸው፣ ምንም ሳይስቁ፣ «እሱ አልጻፈም። ታጋሽ ነበር እንጂ» ብለው መለሱ። የፈተናው ወረቀት በዚያም ሳምንት አልታረመም።

ልጆች ሲጣሉ ግን በማስታረቅ ማንም አይደርስባቸውም። «ማን ጀመረው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «ማን ይጨርሰው?» ብለው ነው። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት ያቆሙና የአንዱን ክስ ሌላው እንዲናገር ያደርጋሉ። «እሱ የሚለው፣ እኔ ኳሱን ቀምቼው ነው…» እያለ የጠላቱን አቤቱታ የሚያሰማ ልጅ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ወይ ያለቅሳል ወይ ይስቃል። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ልጆቹ በእኔ ላይ ተባብረው ሳቁብኝ።

ሰውዬውን ለምን ይህን ያህል እንደወደዱት አንድ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። ጣሊያን የወጣ ሰሞን ጎረምሳ ነበሩ። ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ የሠራ ጎረቤት ነበራቸው። ሰፈሩ ተነስቶ የአስተርጓሚውን ቤት ሲዘርፍ እሳቸው ደጃቸው ላይ ቆመው አዩ። «በደስታ ቀን የሰው ድስት ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አየሁ» አሉኝ። «ያ አስተርጓሚ ጥፋተኛ ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረንም። ይህን መጽሐፍ ሳገኝ፣ ለካ የሚያውቅ ሰው አለ አልኩ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጥላዬ ለሰው የሚያነቡት በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ላይ የአቶ ዳምጤ የስፌት ሱቅና የአው ዩሱፍ የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። አው፣ የሐረር ሰው አባቱን በአክብሮት የሚጠራበት ነው። አው ዩሱፍ ቁርዓን በመጠረዝ የታወቁ ነበሩ፤ የጋሽ ጥላዬንም መጻሕፍት በቀይ ቆዳ የጠረዙላቸው እሳቸው ናቸው። አቶ ዳምጤ ደግሞ አያታቸው ከሸዋ የመጡ፣ ወፍራም፣ ሳቃቸው ከመንገዱ ጫፍ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባልንጀሮች ነበሩ። በሱቆቹ ደጃፍ ለሁለቱም የሚሆን ረጅም የድንጋይ መደብ አለ። ንባቡ ሲጀመር አቶ ዳምጤ የስፌት መኪናቸውን ያቆማሉ፤ አው ዩሱፍ ሙጫ የነካ እጃቸውን ይጠርጋሉ፤ ጫታቸውን ሸጠው የጨረሱ ገበሬዎችም መደቡ ላይ ጠጋ ጠጋ ይላሉ።

ጋሽ ጥላዬ እንግሊዝኛውን በዓይናቸው እየለቀሙ አማርኛውን በአፋቸው ያወጣሉ። ከባድ ቃል ሲገጥማቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወደ ላይ ያያሉ። ይሄኔ አው ዩሱፍ፣ «መምህር፣ እዚያ ሰማዩ ላይ ነው እንዴ የተጻፈው?» ይሏቸዋል። ሰው ካዛጋ ደግሞ ጋሽ ጥላዬ ያኮርፋሉ። አንድ ቀን አንድ ገበሬ፣ «ያ ሰውዬ አልፈራም ወይ? መልሰው ቢያስሩትስ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ፈርቷል እንጂ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ያልፈራ ሰው ይቅርታው ምን ዋጋ አለው?»

ጠቡ የመጣው በሠርግ ነው። አቶ ዳምጤ ልጃቸውን ዳሩ። በእኛ አገር ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ የሚታረድ በግ ይኖራል፤ የሚያርደውም የቤቱ ወዳጅ የሆነ ሙስሊም ነው። በአቶ ዳምጤ ቤት ቢላዋው ምንጊዜም የአው ዩሱፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አው ዩሱፍ ወባ ይዟቸው ገና መነሳታቸው ስለነበር እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ዳምጤ አዘኑላቸው። ሳይነግሯቸው ሌላ ሰው ጠርተው አሳረዱ። አው ዩሱፍ ይህን ከመንገድ ሰሙና፣ «እጄን ተጸየፈው» ብለው ከሠርጉ ቀሩ። አቶ ዳምጤ ደግሞ፣ «የልጄን ሠርግ ናቀ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ መደብ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ ጀመር።

ወራት አለፉ። አው ዩሱፍ ለሐጅ ሊሄዱ ተነሱ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተገበያየውን ሰው ሁሉ «አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። መንገዱ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ነው፤ ሽማግሌ ሄዶ ላይመለስ ይችላል። አው ዩሱፍ ሰፈሩን ሲዞሩ አንድ ደጃፍ ዘለሉ፤ ያም ከሁሉም የሚቀርበው ደጃፍ ነው።

ባለቤታቸው ትምህርት ቤታችን ድረስ መጡ። «መምህር፣ ይህን ቂም በልቡ ይዞ የአላህን ቤት ሊሳለም ነው። እንደዚሁ ሄዶ ቢቀርብኝስ? የእርቅ መጽሐፍ ያለዎት እርስዎ ነዎት፤ አስታርቁልኝ» አሏቸው።

ጋሽ ጥላዬ ደረታቸው ተነፋ። «የሚነበብ ምዕራፍ አለኝ» አሉ።

በቅዳሜው እኔም ሄጄ ነበር። መደቡ ሞልቷል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን እያንዳንዳቸው ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ በሮቹ ክፍት ነበሩ። ጋሽ ጥላዬ ሁለቱም ጋ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሰውዬው ከወህኒ ወጥቶ መሪ ከሆነ በኋላ የወህኒ ቤቱን አዛዥ ምሳ ይጋብዘዋል፤ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ በገዛ እጁ ያጎርሰዋል። (ማጉረሱ ከጋሽ ጥላዬ የተጨመረ ይመስለኛል።) አንብበው ጨረሱና መጽሐፉን ዘጉ።

አው ዩሱፍ ብቅ አሉ።

«መምህር ጥላዬ፣ እኔ ነኝ አሳሪው? እጄን የተጸየፈ ሰው ሰውዬው ሆኖ፣ እኔ ወህኒ ጠባቂ ሆንኩ?»

አቶ ዳምጤ ከወዲያኛው በር ወጡ። «ማን ስለ አንተ አወራ? የተነበበው በእኔ ላይ ነው! ሠርጌን የናቀ ሰው ምሳ ጋባዥ፣ እኔ አሳሪ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ራስህ ነህ የጠየቅኸኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ!»

ከስንት ወር በኋላ ሲነጋገሩ ይህ መጀመሪያቸው ነበር። ከዚያም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በጋሽ ጥላዬ ላይ። አቶ ዳምጤ «ከደጃፌ መጽሐፍዎን ያንሱልኝ» አሉ። አው ዩሱፍ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ጠርዘውት ያልጨረሱትን ሦስተኛውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልለው አወጡላቸውና፣ «ሌላ ጠራዥ ይፈልጉ» አሏቸው። የሰውዬው ተቃዋሚ የጻፈው ነበር፤ ጀርባው ገና ቆዳ አልለበሰም። ጋሽ ጥላዬ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ተላኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ «ማረኝ» ማለት አለበት፤ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው ምሬሃለሁ ሲለው ነው። ልማዱን ሐረር ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ አው ዩሱፍን ቢጠይቁ፣ «ዳምጤ ተሸክሞ ይምጣ፤ ሳይደርስ አወርድለታለሁ» አሉ። አቶ ዳምጤን ቢጠይቁ፣ «ዩሱፍ ይምጣ እንጂ፣ እኔማ ከመንገድ እቀበለዋለሁ» አሉ። ሁለቱም ምሕረት ለመጠየቅ ሳይሆን ለጠየቃቸው ሰው ምሕረት ለመስጠት ተዘጋጅተው ተቀመጡ። የጉዞው ቀን ቀረበ።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ጥላዬ ኪሳቸው ባዶ ነበር። በመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደስ ላሰኛቸው ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ምዕራፍ ቢያነቡላቸውስ?» አልኳቸው።

«ሌላ ምዕራፍ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «የኔ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሳነብ ያላየሁትን ነገር አሁን አየሁ። ያን መጽሐፍ የሰማ ሁሉ ሰውዬውን መሆን ይፈልጋል። ዳምጤም፣ ዩሱፍም፣ ጫት ሻጩም። እኔማ ከሁሉም ብሼ፣ ሳነብ የምቆመው እንደ እሱ ነው። ታዲያ አሳሪው ማን ይሁን? መንደሩ በሙሉ መሐሪ ሆኖ የሚማር ሰው ጠፋ!»

«እና ምን ይሻላል?»

«አንድ አጥፊ መፈለግ ነዋ» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ «አለ ለካ!» አሉ፤ አንድ ነገር እንዳገኘ ሰው። «ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን በአደባባይ ያሳፈረ ሰው አለ። ዘዴ እንዳይመስልሽ፤ እውነቴን ነው። እነሱን አሳሪ አድርጌ እንዳነብ ማን ፈቀደልኝ?»

አው ዩሱፍ የሚሸኙበት ቀን ዋዜማ፣ ጋሽ ጥላዬ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ ቤት ከሚሠራበት ቦታ ድንጋይ መረጡ። እኔና ሁለት መምህራን አብረናቸው ነበርን። ወገባቸውን እንደሚያማቸው ስለማውቅ፣ «ጋሼ፣ ያችኛዋ ትንሿ ትበቃለች» አልኳቸው።

«ያሳፈርኩት ሁለት ሰው ነው» ብለው ትልቁን አነሱ።

በሸዋ በር ገብተን ቁልቁል ስንወርድ ገበያው ቆመ ማለት ይቻላል። ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ ነው፤ በሁለት እጃቸው ደግፈውታል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንሸራቷል። አንዲት ቅርጫት ሻጭ ብድግ ብለው፣ «ውይ መምህር! ምን አጥፍተው ነው?» ብለው ጮኹ።

«አንብቤ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ ቀና ሳይሉ።

«ምን አድርገው?»

«መጽሐፍ አንብቤ!»

«እሰይ! ልጄ አልማርም ሲለኝ አውቆ ነው ለካ» አሉ ሴትዮዋ፤ ግን ቅርጫታቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ተከተሉን። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ስንደርስ የተከተለን ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

ጋሽ ጥላዬ ከሁለቱ ሱቆች መካከል፣ ልክ በሚያዋስናቸው ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሙ። አጎነበሱ።

«አው ዩሱፍ፣ አቶ ዳምጤ። አስታርቃለሁ ብዬ ሁለታችሁንም በሰው ፊት አዋርጃችኋለሁ። እናንተን አሳሪ አድርጌ እኔ ጻድቅ ሆኜ አንብቤአለሁ። ማሩኝ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አው ዩሱፍ፤ ከሱቃቸው በባዶ እግራቸው ወጡ። «አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ! ያውርዱት!»

«የአንድ ሰው ምሕረት አያወርደውም፤ የበደልኩት ሁለት ነው።»

አቶ ዳምጤ የመለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠው መጡ። «ይማርዎት ጋሼ! እንደ እርስዎ ያለ ሰው! ያውርዱት እንጂ!»

ድንጋዩን በቀኝ በኩል ያዙት። አው ዩሱፍ በግራ በኩል ያዙት። ፊት ለፊት ተያዩ፤ በመካከላቸው የጋሽ ጥላዬ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

«ዳምጤ» አሉ አው ዩሱፍ። «አፉ በለኝ። ጠይቄህ ቢሆን ትነግረኝ ነበር። ሳልጠይቅህ ቀየምኩ። ከልጃችን ሠርግ ቀረሁ።»

«ዝም በል አንተ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እጁ ደከመው፣ ላሳርፈው ብዬ… ለአንተ ሳልነግር ሌላ ሰው ጠራሁ። ለአንተ!»

«ለእኔ አዝነህ ነው፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔ ነው አልኩህ!»

«ወላሂ የእኔ ነው!»

«እንደ ልማድህ ልታሸንፈኝ ነው? በማርያም፣ ይህን ለእኔ ተውልኝ!»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አሉ ጋሽ ጥላዬ ከሥር። «ጥፋቱን በኋላ ትካፈሉታላችሁ፤ መጀመሪያ ድንጋዩን!»

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ድንጋዩ ሲወርድ ቅርጫት ሻጯ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከየደጃፉ እልልታ ተቀበላቸው፤ የአው ዩሱፍ ባለቤት ከቤታቸው እየሮጡ መጥተው የማንን እጅ እንደሚስሙ ግራ ገብቷቸው የሁላችንንም ሳሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ አሁንም በሹክሹክታ «የእኔ ነው»፣ «የእኔ ነው» ይባባላሉ። ጋሽ ጥላዬ መደቡ ላይ ተዘርግተው ወገባቸውን ይዘዋል። እንደዚያ ቀን አምሮባቸው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሸዋ በር አውቶቡሱ ወደ ድሬዳዋ ሊነሳ ሲል፣ አቶ ዳምጤ የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ልብስ ሰፍቼ እሰጠዋለሁ ብለው አስበው ነበር አሉ፤ አው ዩሱፍ ግን የሐጅ ልብስ ስፌት አይነካውም፣ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነው ብለው ነገሯቸው። «ይኸው እንግዲህ» አሉ አቶ ዳምጤ፤ «ልብስ ሰፊ ከሆንኩ ወዲህ መርፌ ሳላስነካ ያስረከብኩት ይህ ብቻ ነው።» አው ዩሱፍ ጨርቁን ከደረታቸው ጋር አጣብቀው ተሳፈሩ። አውቶቡሱ እስኪጠፋ ድረስ እጃቸው በመስኮቱ ወጥቶ ይታይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንባቡ ተጀመረ። መደቡ ላይ ቦታ ጠፍቶ ሰዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ወገባቸውን በሻሽ አስረው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ዳምጤ እጃቸውን አነሱ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ የወህኒ ቤቱ አዛዥ… ምሳውን ከበላ በኋላ ምን ሆነ?»

ጋሽ ጥላዬ መጽሐፉን አወረዱት። ያን ሁሉ ዓመት ሲያነቡ ስለ አሳሪው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጡ፤ ሁለተኛውን ገለጡ፤ ጀርባው ቆዳ ያልለበሰውን ሦስተኛውን ገለጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ረጅም ጊዜ ሰማይ ሰማይ አዩ።

«በሦስቱም የለም» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ሐረር መጥቶ ልብስ ሰፊ ሆኗል።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዳምጤ ናቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ጉልበታቸውን መቱ፤ ወደ ተዘጋው የአው ዩሱፍ በር ዞረው፣ ወዳጃቸው ገና ባሕር ላይ መሆናቸውን ረስተው፣ «ሰማህ ዩሱፍ?» ብለው ጮኹ፤ «አሳሪው እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»